ጳጉሜንና ሌባ ጣት

እህቴን ኑርሀያትን ከባሏ ጦርነት አልለያትም፤ ስደትም አልለያትም። ልትለያት የደረሰችው ጳጉሜን ናት። አዎ፣ ያቺው የአምስት ቀኗ ጳጉሜን፤ ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ልጆች ዝናቧን ሲያዩ ልብሳቸውን ጥለው የሚሮጡባት፣ በሌላ ጊዜ ማንም ከቁም ነገር የማያስገባት። የእህቴ አማት እመት ዑምኩልሱም ግን ከቁም ነገር አስገቧት። ያውም ሙሉ ጣት ሰጥተው።

እኔ ሙሚና ነኝ፤ የኑርሀያት ታላቅ። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። አባታችንም ዓሣ አጥማጅ ነበር። እመት ዑምኩልሱም ደግሞ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ሱቅና መሬት ካለው ዘር ነኝ ባይ ናቸው። ልጃቸው ባድሩ እህቴን ሲያገባ «እንግዲህ ቤታችን ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው» ብለው ለሰርገኛው የተናገሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዓሣውን በየሳምንቱ በነፃ ስልክላቸው ግን ሸተተኝ ብለው የመለሱበት ቀን የለም። አጥንቱን ሳይቀር ይመጥጡታል።

ባድሩ ዶሃ ሹፌር ነው። በ2013 ለአረፋ መጣ፤ ፈቃዱ አልቆ ሐምሌ ሠላሳ ተመልሶ ሄደ። በሄደ በሳምንቱ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰና ሐይቅ ከተማ በተፈናቃይ ተሞላች። እዚህ ላይ እውነት መመስከር አለብኝ። እመት ዑምኩልሱም የጓሮ ክፍላቸውን ለተፈናቃይ ሰጥተዋል። አያሌው የሚባል ከቆቦ የመጣ ልብስ ሰፊ፣ አሮጊት እናቱን ይዞ፣ በነሐሴ ጥቂት ሳምንት ተጠግቶባቸው ወደ ደሴ አለፈ። ያኔ አላህ ይስጥዎ ብዬ መርቄያቸዋለሁ። ምርቃቴን መልሼ መውሰድ የፈለግኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ እኛም ዘንድ መጣ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቆረጠ፣ ከተማዋ የታጣቂ ሆነች። ወደ አርዲቦ ገጠር ስንሸሽ ኑርሀያት ሆዷ ገና መገፋት ጀምሮ ነበር። እመት ዑምኩልሱም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያንን ሁሉ ዳገት የወጡት በእህቴ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ነው። «እኔ ልያዝዎ» ብላቸው «አንች ትጥይኛለሽ» አሉኝ። በሰው ቤት ጎተራ ሥር ተደራርበን ስናድር የእህቴን ሆድ በመዳፋቸው ይዘው፣ «የልጄ አደራ እዚህች ውስጥ ናት፤ ያረቢ አንተ አውጣልን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ወር የቆጠረ የለም። ያን ጊዜ ሆዷ የባድሩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ቤታችን ተመለስን። ቴሌው እንደተቀጠለ ባድሩ እርግዝናውን ሰምቶ በስልክ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ደስ ይላል፤ ሰው የሆነ ይመስላል። እናቱም አንድ ሙክት ገዝተው ግቢ አሰሩ፤ ለሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል ተባለ።

ኑርሀያት ኢድ በወጣ በሳምንቱ ገደማ፣ ሚያዝያ ሠላሳ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ደንዳና ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ሴቶች ገንፎ ከበን ሳለን አንዷ ጎረቤት ሕፃኗን ታቅፋ፣ «ማሻአላህ! ይች እኮ እናቷ ሆድ ቆይታ የመጣች ነው የምትመስል» አለች። ክፋት አልነበረባትም። እንዲህ ያለው ነገር ለመልካም ምኞት የሚባል ነው። እመት ዑምኩልሱም ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ግራ እጃቸውንም ዘረጉ።

«ባድሩ የሄደው ሐምሌ ሲያልቅ ነው» አሉ። «ነሐሴ።» አውራ ጣታቸውን አጠፉ። «ጳጉሜን።» ሌባ ጣታቸውን አጠፉ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፤ አንዱ እጅ አለቀ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፤ ሌላውም አለቀ። የተጨበጡ ሁለት እጆቻቸውን እንደ ድብድበኛ ወደ ፊት ዘርግተው «አስር» አሉ።

«አስር ምን?» አልኩ።

«አስር ወር። ሰው እሚያረግዘው ዘጠኝ ወር ነው። ይች አንዷ ወር የማን ናት?»

በነሐሴ ጓሮ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደነበረ ለማስታወስ ማንም ሴት አልተቸገረችም። ያ ምስኪን አያሌው ቀን የሰው ሱሪ ሲጥፍ፣ ማታ የእናቱን እግር ሲያሽ የከረመ ሰው ነው። ቀና ብሎ የእህቴን ፊት ማየቱንም እጠራጠራለሁ።

«እመት ዑምኩልሱም» አልኩ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ «ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት።»

«ወር አይደለች? ስም የላት? መንግሥት ራሱ የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ እያለ ስንት ዘመን በራድዮን ሲለፍፍ አንች የት ነበርሽ?»

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ድንቁርና ራሱን ችሎ ቆሞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ሌባ ጣት ያለ ነገር ሌባ አልተባለችም፤ ከእህቴ ማኅፀን አንድ ወር ሰርቃ ለልብስ ሰፊ ስትሰጥ በዓይኔ አየሁ። ዞር ስል ግን ሌሎቹ ሴቶች በጉያቸው ስር ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ኑርሀያት አልሳቀችም። ልጇን ከጎረቤቷ እጅ ወሰደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እመት ዑምኩልሱም የዚያኑ ዕለት ዶሃ ደወሉ። ባድሩ ሰማ፤ ከዚያ «እሽ፣ እስኪ ላጣራ» አለ። ላጣራ! ማር ይመስል። አርግዛለች ሲባል ያለቀሰው ሰው፣ ሆዷን በስልክ ካላሳየሽኝ እያለ ሲያስቸግር የከረመው ሰው፣ በእናቱ አንድ ጣት የሚያጣራው ነገር አገኘ።

«እስኪጣራ ሙክቱ አይታረድም» አሉ አማትየዋ። «በልጄ ስምም አትጠራም።»

ይህ ቀልድ አይደለም። በሰባተኛው ቀን ልጅ ፀጉሯ ይላጫል፣ ይታረድላታል፣ በአባቷ ስም ትጠራለች። ያ ካልሆነ ደግሞ ሐይቅ ገበያ ውስጥ ስም አውጪ ሞልቷል። «የልብስ ሰፊው ልጅ» የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈባት እስክትዳርም አይለቃትም፤ እንዲያውም አትዳርም። እህቴ ይህንን ታውቃለች፤ ስለዚህ አትበላም፣ አትተኛም፣ ጡቷም ነጠፈ። በዚያ ሳምንት ከሰዎቹ ሁሉ ደስተኛው ሙክቱ ነበር።

እመት ዑምኩልሱም ክርክሬ ሳያሰጋቸው አልቀረም፤ በማግሥቱ ምሁር አስመጡ። ምሁሩ ሀሚድ ቴላቪቭ ነው። ሀሚድ በሲና በረሃ አቋርጦ እስራኤል ገብቶ ስድስት ሰባት ዓመት ሰሃን አጥቧል። ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ አገሬ ተስተካከለች ብሎ ተመለሰ፤ አሁን መናኸሪያው ጋ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ሐይቅ ላይ ግራ የገባው ሰው ሀሚድን ይጠይቃል፤ ሀሚድ ሳይጠየቅም ይመልሳል።

«ሀሚዴ፣ አንተ ዓለምን ያየህ ነህ» አሉት። «ዓመት አሥራ ሦስት ወር ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

ሀሚድ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል።

«ይሆናል እንጅ! አይሁዶች እንደኛው በጨረቃ ነው የሚቆጥሩ። የኛ ረመዷን አንዴ በጋ አንዴ ክረምት እየዞረ ይመጣ የለም? እነሱ ግን ፋሲካቸው ከበልግ እንዲወጣባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ዓመቱ ሲንሸራተትባቸው፣ በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ፣ ሙሉ ወር ይጨምሩበታል። አዳር የምትባል ወር አለች፤ እሷን ይደግሟታል። አዳር አንድ፣ አዳር ሁለት። ያንን ዓመት ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? እርጉዝ ዓመት!»

እርጉዝ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ እመት ዑምኩልሱም ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«ዘንድሮስ? ዘንድሮ ጨምረዋል?»

«ዘንድሮማ እርጉዝ ነው። አዳር የካቲት ላይ አንዴ፣ መጋቢት ላይ አንዴ መጥታለች።»

«አሥራ አንድ!» አሉ። አሥሩም ጣታቸው ቀድሞ አልቆ ስለነበር አሥራ አንደኛውን የሚያጥፉበት ቸገራቸውና ወደ እግራቸው አዩ።

«እህቴ አህያ ናት እንዴ?» አልኩ። «ያን ያህል የምታረግዝ አህያ ናት። ትንሽ ብንታገሥ ልጅቷ ጭነት ይዛ ትወለድልን ነበር!»

ሀሚድ አፉን ከፈተ። የአይሁድ ሴቶችም ዓመቱ አረገዘ አላረገዘ ያው ዘጠኝ ወራቸውን እንደሚያረግዙ ሊናገር የፈለገ ይመስለኛል፤ ሰውየው ለፍላፊ እንጂ ውሸታም አይደለም። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ከዶሃ የተላከ ቴምር በሰሃን ቀረበለት። አፉን ከፍቶ ነበርና ቴምሩን ጎረሰበት። ስንት እውነት በቴምር ተውጦ እንደቀረ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ሸኽ ዘይኑልአቢዲን ምላጭና ውሃ እንዲቀርብ አዘው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል፤ ግማሹ ለዱአ፣ ግማሹ ለወሬ፤ ሀሚድም የክብር ቦታ ይዟል። እመት ዑምኩልሱም ስልካቸውን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍተው መሐል ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ባድሩ ከዶሃ መስመር ላይ ነው። ኑርሀያት ልጇን ታቅፋ ጥጓን ይዛለች፤ ከዚያ ገንፎ ወዲህ አፏን ከፍታ አንድ ቃል ያወጣችበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሸኹ ነገሩን ሰምተው ነበርና ብዙም አልዞሩበት። «የወሮች ቁጥር አላህ ዘንድ አሥራ ሁለት ነው» አሉ። «ወር መጨመር ነሲእ ነው፤ ቁርኣን ያወገዘው። አይሁድ ቢጨምሩ ለራሳቸው ነው። ልጅ ደግሞ የፍራሹ ናት፤ ባል ያለው ፍራሽ ላይ የተወለደች የባሉ ናት። አበቃ። ማን ብለን እንጥራት?»

«ሸሃችን፣ ኪታቡን አምኛለሁ» አሉ እመት ዑምኩልሱም፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የልጄ ልብ ነው እንጅ ያላረፈው። ይኸው ራሱን ይጠይቁት።»

«ባድሩ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ሸኹ ወደ ስልኩ።

«ያው... ሸኽ... አብሽሩ፤ እስኪጣራ ድረስ ነው» አለ ስልኩ።

ያን ጊዜ ኑርሀያት ተናገረች።

«እማ» አለቻቸው፣ በጣም በቀስታ፣ «ባድሩን የወለዱበትን ታሪክ ለሸሃችን አልነገሯቸውም እኮ።»

እመት ዑምኩልሱም ይህን ታሪክ በሰርግም በሐዘንም ያወራሉ። ሐይቅ ላይ ያልሰማው ካለ ቆሮሶው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እጠራጠራለሁ። ለመናገር ልመና አላስፈለጋቸውም።

«አባቱ አሰብ ወደብ ሊሠራ የወጣው ጎረቤቶቻችን ፍልሰታን የያዙ ዕለት ነው፤ ነሐሴ አንድ። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ ብቻዬን ቀረሁ። የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ሰዉ ደጅ ለደጅ ንፍሮ ሲበትን፣ ባድሩዬን ዱብ አደረግሁት። አባቱ የመጣ እሱ መዳህ ሲጀምር ነው።»

«በጣትዎ ይቁጠሩልን» አለች ኑርሀያት።

«ምኑን?»

«ወሩን። የኔን እንደቆጠሩት።»

ግራ እጃቸው በልማድ ተዘረጋ። «ነሐሴ» አሉ፤ አውራ ጣታቸው ታጠፈ። ሌባ ጣታቸው ተከትላ ጎንበስ ማለት ጀመረች፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ቤቱ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ያችን ጣት ያያል። ወይ አትታጠፍ፣ ወይ አትቃና። ይህን ጊዜ ሀሚድ፣ አላህ ይስጠው፣ ሳይጠየቅ መለሰ።

«ያ ዓመት ደግሞ እርጉዝ ከነበረ አሥራ አንድ ሊሆን ይችላል እኮ፤ መታየት አለበት» አለ። እስከዚያች ሰዓት ሀሚድን ወድጄው አላውቅም ነበር።

«ዝም በል አንተ!» ብለው ጮኹበት እመት ዑምኩልሱም። «ጳጉሜን ደግሞ ወር ናት እንዴ! አምስት ቀን! እኔ ልጄን ዘጠኝ ወር ካምስት ቀን ነው በሥርዓት የተሸከምኩት። ዘጠኝ ወር ካምስት ቀን ሲባል አምስቷ ቀን ጳጉሜን አይደለች? ይኽን የማያውቅ ማን አለ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሳቁ ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓዳው ፈነዳ። ሸኹ የጥምጣማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሳቸው ግን ለራሳቸው ሲቆርሱ ጳጉሜንን እንዴት አሳነሷት! ለእህቴ ሙሉ ወር የነበረችው ለሳቸው ሲሆን አምስት ቀን ሆና አረፈች። ደግሞም ከእህቴ የሚለዩት በአንዲት ቀን ነው። እህቴ ሐምሌ ሠላሳ ባል ሸኝታ ሚያዝያ ሠላሳ ወለደች፤ እሳቸው ነሐሴ አንድ ሸኝተው ግንቦት አንድ።

ሳቁ ሲበርድልኝ ግን ሌላው ነገር ገባኝና አፌ መረረኝ። ይኽን የማያውቅ ማን አለ አላሉም? ያውቁ ነበር። መጀመሪያም ያውቁ ነበር። ድንቁርና ነው ብዬ የሳቅኩበት ድንቁርና አልነበረም። በዓሣ አጥማጅ ልጅ ላይ የሚታጠፍ ጣት ሲፈልጉ ኖረው ሌባ ጣታቸውን አገኙ፤ በቃ ይኸው ነው። በእህቴ ትከሻ የአርዲቦን ዳገት የወጡ ሴት!

እመት ዑምኩልሱም ላባቸውን ጠረጉና ስልኩን አነሱ። «ባድሩ፣ ልጄ፣ ቆጠራው ላይ ተሳስቼ ነው። ያንተው ናት።»

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ባድሩ፤ ድምፁ ወዲያው ወፈረ፣ አባት አባት ሸተተ። «እኔም እኮ ውስጤ ነግሮኝ ነበር። ሸኽ፣ ሀኒያ በሏት! ሀኒያ ባድሩ! ሙክቱን አሁኑኑ እረዱት። ኑሪ፣ ሰማሽ? ስታለቅሽ እንዳልሰማ፤ እማ ቆጠራ ተሳስታ ነው እንጅ እኔማ...»

ሸኹ ስሙን በሕፃኗ ጆሮ ጠሩላት። ሀኒያ ባድሩ። ሰው ሁሉ ሰማ፣ ሰው ሁሉ አሚን አለ፤ ገበያው የሚለጥፍባት ስም አጣ። ያን ጊዜ ኑርሀያት ልጇን ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ስልኩን አላነሳችውም። ጎንበስ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«እናትህ በጣታቸው ቆጠሩ» አለችው። «እሳቸው መኝታ ቤታችን ውስጥ ከኛ ጋር አልነበሩም፤ ይቁጠሩ። አንተ ግን ነበርክ። አንተ በምን ቆጥረህ ነው?»

ሸኹ አጎነበሱ። ግቢ ውስጥ ሙክቱ ጮኸ፤ ለሱ ፍርዱ ወጥቶበታል። ባድሩ አንዴ «ኑሪ...» አለ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አሉ እመት ዑምኩልሱም። ሐይቅ ላይ ሲያፍሩ ሁሉም ነገር ኔትወርክ ነው።

እህቴ የሙክቱን ሥጋ አልቀመሰችም። ልጇን አዝላ፣ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ፣ እኔ ጋ ሐይቁ ዳር ወረደች። አሁን አብረን ቆሮሶ እንጠብሳለን፤ ሀኒያ በጆንያ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ጭራ ትጠባለች። ባድሩ ስለ ልጁ ደህንነት ይደውላል፣ ልብስ ይልካል፣ ተመለሽ ይላል። ኑርሀያት ስልኩን ታነሳለች፤ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በምን ቆጥረህ ነው?» ትለዋለች፣ ሳትቆጣ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው።

ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን መጥታ ሄዳለች። መልሱ ግን አልመጣም።